ስውር ጉድለትና የሻጭ ዝምታ

ሻጭ የሚያውቀውን የዕቃውን ጉድለት ገዢው ባይጠይቀውም የመናገር ግዴታ አለበትን የሚለው ጥንታዊ የሥነ ምግባር ጥያቄ፣ እንደ ሀደሮ ባሉ የከምባታ ገበያዎች የሰውን ኑሮ በቀጥታ የሚነካ ነው። ቆጮን፣ ማለትም ከእንሰት ተፍቆ የተብላላውን ምግብ፣ ገዢ አሽትቶና ዳስሶ ሊፈትነው ስለሚችል ጥያቄው እዚያ ላይ እምብዛም አይከብድም። የዘር ዝንጅብል ግን ሌላ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ ኢትዮጵያ የዝንጅብል ማሳዎችን ያወደመው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ፣ ጤነኛ በሚመስል ዘር ውስጥ ተደብቆ ወደ ሌላ ማሳ ሊሻገር ይችላል፤ ማሳው መጠውለጉን የሚያውቀው ደግሞ ሻጩ ብቻ ነው።

ሮማዊው ሲሴሮ እንደዘገበው፣ የእስጦይክ ፈላስፋው ዲዮጋን አለመናገር ከመደበቅ ይለያል ሲል፣ ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ሰው ለሰው ያለበት ኃላፊነት ዝምታን አይፈቅድም ብሎ ተከራክሯል። በዝንጅብሉ ጉዳይ እውነቱ ከአንቲጳጥሮስ ጋር መሆኑ አያጠራጥርም፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ትክክለኛ ሚዛን እንዲኖር ሲያዝ፣ ቁርኣንም በ83ኛው ምዕራፉ ሰፍረው የሚያጎድሉትን ሲያወግዝ፣ የሚጠብቁት የማያውቀውን ገዢ ነውና።

ይሁን እንጂ ግዴታው ያንን ምርት ብቻ ተስፋ ላደረገ ድሃ ገበሬ እጅግ ይከብዳል፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የሥነ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ይህን ሸክም ሳያነሣ ያቀለለው፣ ሻጭ ጉድለቱን በአዋጅ እንዲያሰማ ሳይሆን ሊገዛ ለቀረበው ሰው ለብቻው እንዲነግረው በማስተማር ነው።