ስለ መጽናትና ስለ መጥበቅ

በሃይማኖት ሰዎች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ሲመረመር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ጾሙን ያበዛ፣ ሥርዓቱን ያከበደ፣ በራሱም በባልንጀራውም ላይ የጨከነ ሰው በጭካኔው መጠን የጸና ነውን? የሚል ነው። እኔ ለዚህ ጥያቄ አስረጅ አድርጌ የማቀርበው ያረጀ የሸራ ጀልባ መስኮት ነው፤ ግዙፉ ነገር የረቂቁን ጠባይ እንደሚያስረዳ አበውም አስተምረዋልና።

በአሜሪካ በሮድ አይላንድ፣ በብሪስቶል ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. መሠራት የጀመሩትና ቁጥራቸው ከ700 በላይ የደረሰው ትሪቶን የተባሉት የፋይበርግላስ ጀልባዎች፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመት ያህል ሆኖ ሳለ ዛሬም በባሕር ላይ የሚታዩ አሉ። እንደነዚህ ያሉትን አሮጌ ጀልባዎች ከሚያስቸግራቸው ነገር አንዱ የመስኮት ማፍሰስ ነው። ውሃው በመስኮቱ ጠርዝ ይገባና በውስጠኛው ልባስ ሥር ተጉዞ ከገባበት ርቆ ይታያል፤ ከዚህም የከፋው፣ በሁለቱ የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል ያለውን የባልሳ እንጨት ማንም ሳያየው ያበሰብሰዋል።

ባለቤቱ ፍሳሹን ባየ ጊዜ አስቀድሞ የሚመጣለት አሳብ ካቻቢቴ አንሥቶ ብሎኑን ማጥበቅ ነው። አሳቡ ቀና ይመስላል፤ ዳሩ ግን ጥፋቱን ያባብሳል። በብዙ ጀልባዎች መስኮት ላይ የሚገባው አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክ በፀሐይ ሲሞቅ ይሰፋል፣ በብርድ ይኮማተራል፤ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲለዋወጥ ፋይበርግላሱ ግን የሚንቀሳቀሰው ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠን ነው። ባሕርያቸው የተለያየውን እነዚህን ሁለቱን የሚያስማማቸው በመካከላቸው ያለው ተለጣጭ ማሸጊያ ሲሆን፣ ብሎኑ ከልክ አልፎ በጠበቀ ጊዜ ማሸጊያው ተጨምቆ ይወጣል፤ የቀረውም ስስ ሽፋን እንቅስቃሴውን መሸከም ተስኖት ይቀደዳል፤ አክሪሊኩም ከብሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ አዋቂው ሠራተኛ መስኮቱን ነቅሎ ያወርደዋል፤ አዲስ ማሸጊያ በአሮጌ ሲሊኮን ቅሪት ላይ አይጣበቅምና የቀድሞውን እስከ መጨረሻው ይፍቃል፤ በአክሪሊኩ ላይ ያለውን ቀዳዳ ከብሎኑ ውፍረት ያሰፋዋል፤ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ለማሸጊያው ይተውና እጁን ይሰበስባል። ይህን አላልቶ ሠራ ብሎ የሚነቅፈው ሰው ቢኖር የማሸጊያውን ግብር አላስተዋለም፤ ማሸጊያው ለስላሳ ቢሆንም በሁለቱም ወገን የያዘውን አይለቅም። ለሰነፍ ሰው ልልነትም ከዚህ ምክንያት አይገኝለትም፤ በቆሸሸ ገጽ ላይ የተደረገ ማሸጊያ ምንም ለስላሳ ቢሆን አይዝምና።

ከልክ ያለፈ መጥበቅ ሰውንም እንዲሁ ይሰብራል፤ አባ እንጦንስ ከወንድሞች መነኮሳት ጋር ሲጫወት ያየ አንድ አዳኝ በነገሩ በተሰናከለ ጊዜ፣ አባታችን ቀስቱን ደጋግሞ እንዲለጥጥ አዘዘው፤ አዳኙም ከልክ ካለፈ ይሰበራል ብሎ በመለሰ ጊዜ፣ የወንድሞችም ነገር እንዲሁ ነው አለው። ይህን ያለው ራሱን ለጾምና ለብሕትውና የሰጠ፣ ማንም በልልነት ሊነቅፈው የማይችል ሰው መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። ለራሱ የመረጠውን ሸክም በሌላው ትከሻ ላይ አልለካም።

እኔም በዚህ ነገር የምፈርደው ከእንጦንስ ጋር ነው። ሌሊት ዘበኛ ሆኖ የሚያድረውን፣ የምታጠባውን እናት፣ ከሕመም ገና የተነሣውን ሽማግሌ በአንድ ልክ የሚያስር ቀኖና ብዙዎችን ከደጀ ሰላም ሲያርቅ አይተናል። የንስሐ አባቶቻችን ሆይ፣ ኃጢአቱን እስከ ሥሩ መርምሩ፤ ቀኖናውን ከመስጠታችሁ በፊት ግን የሰውየውን ኑሮና ጉልበት ጠይቁት ብዬ እለምናችኋለሁ።