ሁለት ገብስ ሻጮችና አንዲት ጠላ ጠማቂ

በአንዲት የደጋ መንደር፣ በቅዳሜ ገበያ፣ እህል ተራው ላይ ሁለት ገብስ ሻጮች ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። አንደኛው ማተብ ከአንገቱ፣ የሥላሴ ስም ከአፉ የማይለይ ሰው ነበርና ገበያተኛው «አያ ማተብ» ይለዋል። ሁለተኛው ቄስም ሲናገር ዳኛም ሲፈርድ «ለምን?» ሳይል የማያልፍ ነበርና «አያ ለምን» የሚል ስም ወጥቶለታል። በእግዜር እንደማያምን ደብቆ አያውቅም።

ገዢ ሲጠፋ ይከራከራሉ፤ ገዢ ሲበዛም ይከራከራሉ።

«እስቲ ንገረኝ» ይላል አያ ማተብ፤ «ላይ ሆኖ የሚያይ የለም ካልህ፣ ቁናህን ጢም አድርገህ እንድትሰፍር ማን ያስገድድሃል?»

«አንተስ የሚያይህ ባይኖር ታጎድል ኖሯል? ይህን ለደንበኞችህ ነግረሃቸዋል?»

ሰው ይስቃል። አያ ማተብ ግን በሳቅ የሚረታ አይደለም። «ዱላ ፈርቼ መሰለህ? በጎውን የሚወድ ልብ የሰጠኝ እሱ ነው። አንተም ብትሆን የማትሰርቀው እናትህ እያስቀደሰች ስላሳደገችህ ነው። ከእሷ የወረስኸውን ይዘህ ሰጪውን ትክዳለህ።»

«እናቴ አትስረቅ ብላኛለች፤ ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር አትብላም ብላኛለች። የፊተኛውን ያዝሁ፣ የኋለኛውን ጣልሁ። በምን ለየኋቸው?»

«በልብህ ነዋ! ልብህን ደግሞ ማን ሠራው?»

እንዲህ ሲባባሉ ዓመታት ሄዱ። ገበያተኛውም ተከፈለ፤ መሐላ የሚያጽናናው ከአያ ማተብ፣ መሐላ የሰለቸው ከአያ ለምን ይሸምታል።

አንድ ቅዳሜ አንዲት አሮጊት ጠላ ጠማቂ፣ ከእናታቸው የወረሱትን ቁና በነጠላቸው ሸፍነው መጡ። ከአያ ማተብ አንድ ቁና ገብስ ገዙ። እሱም በሥላሴ ስም ብሎ ሰፈረላቸው። አሮጊቷ ገብሱን እዚያው በራሳቸው ቁና መልሰው ሰፈሩት። አልሞላም፤ ሁለት እፍኝ ጎደለ።

«ስሙን ጠርቼ የሰፈርሁትን ይመልሱብኛል?» ፊቱ ተለዋወጠ።

አያ ለምን ደስታውን መደበቅ አቃተው። «ይስፈሩ እንጂ እማማ! እውነት ከሆነ ምርመራ ምን ያስፈራዋል?»

እማማ ወደ እሱ ዞሩ። አንድ ቁና ገዙ፤ መልሰው ሰፈሩ። እዚህም ሁለት እፍኝ ጎደለ።

«የተበላሸው የእርስዎ ቁና ነው» አለ አያ ለምን። ቄሱንም ዳኛውንም ሲጠይቅ የኖረው ሰው የገዛ ቁናውን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

የሁለቱ ቁናዎች ተያይተው ተለኩ። ልካቸው አንድ ሆነ። ለመንደሩ ቁና የምትሰፋው ሴት ብትጠራ ነገሩ ተገለጠ፤ እናቷ ስትሞት ልክ የወሰደችው አፉ ተበልቶ ካለቀ አሮጌ ቁና ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ለአማኙም ለተጠራጣሪውም የሰፋችው በዚያው ልክ ነው። የሰረቀ ሰው አልነበረም። ገበያው በሙሉ ግን እያጎደለ ይሰፍር ነበር።

ከዳር የቆመ አንድ ጎረምሳ ጠየቀ፤ «እማማ፣ የእነሱ ጎዶሎ፣ የእርስዎ ሙሉ መሆኑን በምን አወቁ?»

«በጠላዬ። ጌሾው ያው፣ ውኃው ያው፣ ጋኑ ያው፤ ጠላው ግን ቀጠነብኝ። ጠጪ ሲሸሸኝ ገብሱን ጠረጠርሁ።»

«ሳናውቅ ነው» አሉ ሁለቱ ሻጮች ባንድ አፍ። በዕድሜያቸው የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር።

«ባታውቁትስ?» አሉ እማማ። «ጋኔ እንደሁ አልሞላ።»

አያ ማተብ «የሰው ሐቅ ቤቴ አስቀምጬ አልቆርብም» ብሎ ጆንያውን ፈታ። አያ ለምን ጠጠር እየደረደረ፣ ለየትኛው ደንበኛ ስንት እፍኝ እንደጎደለ ያሰላ ጀመር። አንዱ ልመልስ ባይል ሌላው አይቆጥርም ነበር፤ ሌላው ባይቆጥርም የፊተኛው ምን ያህል እንደሚመልስ አያውቅም። ዕዳቸውን ከፈሉ። ክርክራቸውንም ቀጠሉ።

ምሳሌው ይህ ነው፤ ፍቺው ረጅም አይደለም።

በጎነት ያለ እምነት ይቆማል ወይስ አይቆምም የሚለው ሙግት የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ቤይል እ.ኤ.አ. በ1682 ኢአማኞች ብቻ ያሉበት ማኅበረሰብም በሥርዓት ሊኖር ይችላል ብሎ ጻፈ። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1689 ስለ ሃይማኖት መቻቻል በታተመው ደብዳቤው፣ እግዚአብሔርን የሚክድ ሰው መሐላም ሆነ ቃል ኪዳን አያስረውምና መቻቻሉ አይመለከተውም አለ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ የእማማ ቁናም አይፈታውም። ክርክሩ የሚሸፍነው ነገር ግን አለ፤ ሁለቱ ወገኖች ስለ በጎነት ምንጭ ሲጣሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰፍሩት በአንድ ጎዶሎ ቁና ነው።

ባርነትን እንውሰድ። ፍትሐ ነገሥት ነጻ ማውጣትን እያመሰገነ ባርነትን ግን ፈቅዷል። አርስቶትል በተፈጥሮው ባሪያ የሆነ ሰው አለ ብሎ አስተማረ። ሃይማኖትን በጥርጣሬ የመረመረው ዴቪድ ሂውም ጥቁሮች ከነጮች በተፈጥሮ ያንሳሉ ብሎ ሲጽፍ፣ ያን ሁሉ ጥርጣሬውን በዚህ ሐሳብ ላይ አላዋለውም። የተቃወሙትም ከሁለቱም ወገን ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1688 በፔንሲልቬንያ ጀርመንታውን የጥቂት ክዌከር አማኞች ጽሑፍ፣ በ1781 ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ብርቱ ተቺ የነበረው የኮንዶርሴ መጽሐፍ። ጎዶሎውን ከራሳቸው ኑሮ የቆጠሩት ግን በባርነት ያለፉት ናቸው። ከእነሱ አንዱ ኦላውዳ ኢኩያኖ ነው፤ የራሱን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1789 አሳተመ። በእኛም አገር ባርነትን የሚሽረው ዐዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስንት ጸሎተኛና ስንት አዋቂ ሰው ባሪያ አሳድሯል።

ይህ ሁሉም አንድ ነው ማለት አይደለም። ለአማኙ ሃይማኖቱ ንስሐን አስተምሮታል፤ ንስሐ ደግሞ የወሰዱትን ሳይመልሱ አይሞላም። ተጠራጣሪው ከሁሉ በፊት ሊጠረጥረው የሚገባው ራሱን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ሁለቱም የሚወድቁት መሳሪያቸውን ባላጋራቸው ላይ ብቻ ሲመዙት ነው። አማኙ «ምያለሁ» ብሎ ሲዘጋ፣ ተጠራጣሪውም «መርምሬያለሁ» ብሎ ሲዘጋ፣ የተጎዳው ሰው ደጅ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ተከራካሪዎች ማንኛውም «የእኔ በጎነት የጸና ነው» ሲል፣ በምን እንደጸና ከመጠየቅ በፊት ጎድሎብኛል የሚል ሰው ቢመጣ መልሶ እንዲሰፍር ይፈቅድለት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ካልፈቀደ፣ የቀረው ክርክር ስለ ክብሩ እንጂ ስለ በጎነት አይደለም።