ሁለቱ ዲናሮች



በአዳማ፣ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) ቤተሰብ እያስተዳደሩ ነርስነትን በዲግሪ የሚማሩ እናቶች አሉ። ትምህርቱ አራት ዓመት ይፈጃል፤ በሆስፒታል የተግባር ልምምድና የሌሊት ተራም አለበት። የልጅ ትኩሳትና የፈተና ቀን ሲገጣጠሙ እናት ልቧ ለሁለት ይከፈላል። እኛም ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመን «ቤቷን ጥላ» ስንል ሸክሟን እናከብድባታለን።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተነገረውን ደጉን ሳምራዊ እናስብ። የቆሰለውን ሰው በዘይትና በወይን አከመው፤ በማግሥቱ ግን ሁለት ዲናር ከፍሎ ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤት አደራ ሰጠው። የምሕረቱ ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ብቻ አልተፈጸመም። እ.ኤ.አ. በ2004 ቅድስናዋ የታወጀው ጣሊያናዊት ሐኪም ጃና ቤሬታ ሞላም ሕሙማንን የምታክም የልጆች እናት ነበረች።

እንግዲህ ባል ወጥ ሲሠራ፣ አማት ሕፃኑን ስትይዝ፣ ጎረቤት ተማሪዎቹን ከትምህርት ቤት ሲያመጣ፣ ነገ በእርሷ እጅ ለሚታከመው በሽተኛ ሁለቱን ዲናሮች እየከፈሉ ነው። በየቁምስናችን እንዲህ ያለችውን እናት እንወቃት፤ በፈተናዋ ሰሞንም ልጆቿን ማን እንደያዘላት እንጠይቅ።

የምሕረት አምላክ ድካማቸውን ይባርክ። አሜን።