የወል ትዝታ፣ የግል ሹራብ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 የሞስኪኖ ፋሽን ቤት ሚላኖ ላይ ያቀረበው ትርኢት ሮዝ በሮዝ ነበር። አሜሪካዊው ዲዛይነር ጀረሚ ስኮት ሞዴሎቹን ወርቃማ ጸጉር አስደፍቶ፣ ከአሻንጉሊቷ ባርቢ ቁምሳጥን የወጣ በሚመስል ልብስ አሰለፋቸው። በሹራቦቹ ላይ የፋሽን ቤቱ ስም የተጻፈው የአሻንጉሊቷ ስም ካርቶኗ ላይ በሚጻፍበት ዓይነት የፊደል ቅርጽ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ዲዛይነር “ማይ ሊትል ፖኒ” ወደተባሉት ባለቀለም ፈረሶች ዞረ። ሐሳቡን ያመጣው እሱ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ዣን ሻርል ደ ካስቴልባዣክ በ1980ዎቹ የድብ አሻንጉሊቶችን ሰፍቶ ካፖርት አድርጎ ነበር፣ ሻኔልም በ2013 የሌጎ ጡብ የሚመስል የእጅ ቦርሳ አውጥቷል። እንዲህ ያለ ዕቃ ገበያ ላይ በዋለ ቁጥር አሻንጉሊት ሰብሳቢዎች ሁለት ወገን ይሆናሉ። አንደኛው ወገን፣ መደርደሪያ ሙሉ አሻንጉሊት በሚገዛ ገንዘብ የአሻንጉሊት ስዕል ያለበት አንድ ሹራብ መሸጥ በልጅነት ላይ ማላገጥ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ለዓመታት “ትልቅ ሰው ሆነህ አሁንም አሻንጉሊት?” ሲባል የኖረው ፍቅራችን ሚላኖ ላይ ክብር አገኘ ብሎ ይደሰታል። ሁለቱም ግን የሚከራከሩት ስለ ዋጋ ነው፤ ዕቃው ያን ያህል ያወጣል ወይስ አያወጣም በሚለው ላይ። ይህ ጥያቄ የትም አያደርስም። ገዢ እስከተገኘ ድረስ ሻጩ መልስ አያጣም። መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነው፤ እዚያ ሹራብ ላይ የሚሸጠው ነገር መጀመሪያ ከየት መጣ? ማንስ ሠራው?

መልሱን ለመፈለግ ወደ አሻንጉሊቷ መነሻ መመለስ ግድ ነው። ባርቢ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1959 በኒው ዮርክ የአሻንጉሊት ዐውደ ርዕይ ሲሆን ዋጋዋ ሦስት ዶላር ነበር። የማቴል ኩባንያ መሥራች ከሆኑት አንዷ ሩት ሃንድለር መልኳን የቀዳችው “ሊሊ” ከተባለች የጀርመን አሻንጉሊት ነው፤ ሊሊ ደግሞ ለልጆች ሳይሆን ለአዋቂዎች መቀለጃ የተሠራች ነበረች። አሻንጉሊቷን ያቆመው ግን ልብሷ ነው። የመጀመሪያዋ የልብስ ዲዛይነሯ ቻርሎት ጆንሰን ጃፓን ተቀምጣ ሥራውን ስትከታተል፣ ጃፓናውያን ሴቶች ገበር፣ ዚፕና ቁልፍ ያላቸውን ጥቃቅን ቀሚሶች በእጃቸው ይሰፉ ነበር። የቀሚሶቹ አምሳያ በዚያ ዘመን ፓሪስ ላይ የሚታየው ታላቅ ፋሽን ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ነገሩ የሄደበት አቅጣጫ ለክርክሩ ቁልፍ ነውና። ለጥቂት ሀብታም ሴቶች ብቻ በልክ ይሰፋ የነበረው የምሽት ቀሚስ፣ መጠኑ ተኮማትሮ፣ እናቷ ፓሪስን በሕልሟም ያላየች የመካከለኛ ገቢ ልጅ እጅ ገባ። አሻንጉሊቷ የጥቂቶችን ነገር ወደ ብዙዎች አወረደችው። ከሃምሳ አምስት ዓመት በኋላ ሚላኖ ላይ የሆነው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ብዙዎች ዘንድ የነበረው ወደ ጥቂቶች ተመልሶ ወጣ። ሲወጣ ግን የወረደው ቀሚስ ብቻ አልነበረም፤ በመካከሉ አንድ ነገር ተጨምሮበታል።

የተጨመረው በፋብሪካ የተሠራ አይደለም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ቫልተር ቤንያሚን በ1920ዎቹ መጨረሻ ስለ መጫወቻ በጻፋቸው መጣጥፎች፣ መጫወቻን መጫወቻ የሚያደርገው ጨዋታው እንጂ አዋቂዎች በዕቃው ውስጥ ያስቀመጡት ሐሳብ እንዳልሆነ ተከራክሯል። ባርቢ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። ኩባንያው የሸጠው አንድ ዓይነት የፕላስቲክ አካል ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ጸጉሯ በመቀስ ተቆርጧል፣ ፊቷ በእስክሪብቶ ተሞነጫጭሯል፣ ከእናት ቁራጭ ጨርቅ ቀሚስ ተሰፍቶላታል፣ ሐኪም ሆናለች፣ ተቀብራለች፣ ከሞትም ተነሥታለች። እስካሁን ከአንድ ቢሊዮን በላይ ተሽጣለች ይባላል። በዓለም ዙሪያ የሚኖሩ፣ በቋንቋም በኑሮም የማይገናኙ ሰዎች ያን ሮዝ ቀለም ሲያዩ አንድ ነገር ትዝ የሚላቸው ለዚህ ነው። ትዝታው የወል ነው፤ የተሠራውም ደመወዝ በማይከፈላቸው ሚሊዮኖች ልጆች እጅ ነው። የቅንጡ ፋሽን ሥራ ደግሞ መለየት ነው፤ እኔ አለኝ፣ አንተ የለህም ማለት። የባርቢ ሹራብ እንግዲህ ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን ባንድ ላይ ይፈልጋል፤ ሁሉም እንዲያውቀው፣ ጥቂቶች ብቻ እንዲለብሱት። ሁሉም ባያውቀው ሹራቡ ተራ ሮዝ ሹራብ ነው። ሁሉም ቢለብሰው ደግሞ ቅንጡ መሆኑ ይቀራል። የአገሬው ከብት ሁሉ ሲሰማራበት የኖረ የወል ግጦሽ አንድ ቀን ታጥሮ በሩ ላይ ዋጋ ቢለጠፍ፣ አጥሩ ውድ ነው ወይስ ርካሽ ብሎ የሚከራከር የለም። ቅሬታው ሌላ ይሆናል።

አጥሩ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ በሕግም አለ። በአሜሪካ ሕግ የአንድ ልብስ አቆራረጥና ቅርጽ በአብዛኛው የቅጂ መብት ጥበቃ አያገኝም፤ ማንኛውም ሰፊ የታዋቂ ዲዛይነርን ጃኬት አይቶ ተመሳሳዩን ሊሰፋ ይችላል። የንግድ ምልክት ግን በጥብቅ ይጠበቃል። አሻንጉሊት ተኮር ፋሽን ስፌቱን ትቶ ስሙን፣ የፊደሉን ቅርጽና አርማውን ፊት ለፊት የሚያወጣው በጨዋታ ፍቅር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይገባል። ከልብሱ ሁሉ ሌላ ሰው ሊደግመው የማይችለው በዋናነት እሱን ነው። ገዢው የሚከፍለውም በአብዛኛው ለዚያ ነው፤ ለጥጡ ወይም ለልብስ ሰፊው ድካም አይመስለኝም።

የንግድ ምልክቱ የሚሰጠውን ሥልጣን ማቴል በማን ላይ እንደተጠቀመበት ማየት ክርክሩን ከመላምት ያወጣዋል። ቶም ፎርሳይት የተባለ የዩታ ፎቶግራፍ አንሺ በ1997 ባርቢን ራቁቷን በወጥ ቤት ዕቃዎች መካከል እያስቀመጠ ተከታታይ ፎቶዎችን አነሳ፤ በመፍጫ ውስጥ፣ በምድጃ ላይ። የሴት አካል እንደ ዕቃ መቆጠሩን ለመተቸት ነበር። ከሥራው ያገኘው ገንዘብ ከጥቂት ሺህ ዶላር አያልፍም። ማቴል በ1999 ከሰሰው። ሞስኪኖን ግን አልከሰሰም፤ እንዲያውም በ2015 ከፋሽን ቤቱ ጋር ተባብሮ 150 ዶላር የምታወጣ የሞስኪኖ ባርቢ አወጣ፤ እሷም በፍጥነት ተሸጣ አለቀች። ሁለቱም አሻንጉሊቷን ከታሰበላት ቦታ አውጥተው ሌላ ቦታ አስቀምጠዋታል፤ ሁለቱም ተጫውተውባታል። ልዩነቱ አንዱ ከባለ ምልክቱ ጋር በጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ የሚችል መሆኑ፣ ሌላው አለመቻሉ ነው። ልጅ ጸጉሯን ሲቆርጥ ዝም የተባለው ጨዋታ፣ ልጁ አድጎ በአደባባይ ሲጫወት ፈቃድና ክፍያ ተጠየቀበት። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄኔ ነው።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ጥቂቶቹ ከባድ ናቸው። በጣም የሚቀርበው ራሳቸው ሰብሳቢዎቹን የሚመለከት ነው፦ በ1959 የተሠራች፣ ካርቶኗ ያልተጎዳ ባርቢ በሺዎች ዶላር የምትገዙ እናንተ ስለ ሹራብ ዋጋ ለመናገር ምን መብት አላችሁ? መልሱ ግማሽ ብቻ ነው ያለኝ። የአሮጌዋ አሻንጉሊት ብርቅነት ከታሪክ የመጣ ነው። እሷ ብርቅ የሆነችው ሌሎቹ እህቶቿ ስለተጫወቱባቸው፣ ስለተሰበሩና ስለተጣሉ ነው፤ ዋጋዋ ውስጥ የሌሎች ልጆች ጨዋታ ተቆጥሯል። የሹራቡ ብርቅነት ግን ቢሮ ውስጥ የተወሰነ ነው፤ ስንት ይሠራ ብሎ የወሰነ ሰው አለ። ይህ ልዩነት እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ካርቶኑን ሳይከፍት አሻንጉሊቷን መስታወት ውስጥ ለሚያኖር ሰብሳቢ ብዙም አይጠቅመውም። እሱም ከጨዋታ ለይቷታል። ማቴልም ይህን ገበያ አይቶ በ1988 የበዓል ባርቢን፣ በ1990 ደግሞ ዲዛይነር ቦብ ማኪ ያለበሳትን ባርቢ ለሰብሳቢዎች ማውጣት ጀመረ። ወደ ሚላኖ የሚወስደውን መንገድ በከፊል የጠረጉት ሰብሳቢዎቹ ናቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ስለዚህ በልጅነት ስም የሚነሣው ቁጣ ከእነሱ አፍ ሲወጣ ይደክማል። በወል ሀብት ስም የሚነሣው ግን አይደክምም፤ የወሉን ነገር ያወቀ ሁሉ፣ ሰብሳቢም ሆነ አልሆነ፣ ሊናገርበት ይችላልና።

ሌላው ተቃውሞ ባርቢ ከመጀመሪያውም የንግድ ዕቃ ነበረች፣ የሕዝብ ተረት አይደለችም የሚል ነው። ልክ ነው፤ ሊሊን የቀዳ ኩባንያ ስለ ባለቤትነት አጥብቆ መናገሩ ራሱ ትንሽ ያስቃል። ግን ከንግድ መወለድ አንድን ነገር ለዘለዓለም የነጋዴው ብቻ አያደርገውም። የአኳ ባንድ በ1997 “ባርቢ ገርል” የተባለውን ዘፈን ሲያወጣ ማቴል የዘፈኑን አሳታሚ ከሰሰ፤ በ2002 የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት ክሱን አልተቀበለም። ዳኛ አሌክስ ኮዚንስኪ የጻፉት ውሳኔ ፍሬ ሐሳብ፣ ሕዝብ ለአንድ የንግድ ምልክት ከሻጩ ማንነት ያለፈ ትርጉም ሲሰጠው ያ ምልክት የንግግራችን አካል ይሆናል፣ ባለቤቱም ሰው እንዴት እንደሚናገርበት ሊወስን አይችልም የሚል ነው። ዳኛው የፍልስፍና መጽሐፍ እየጻፉ አልነበረም፤ ቢሆንም የትርጉም ባለቤትነት ከዕቃ ባለቤትነት እንደሚለይ ከብዙ ፈላስፎች በተሻለ አጭር አድርገው አስቀምጠውታል።

ቀልዱ አልገባችሁም የሚሉም አሉ። የፋሽን ቤቱ መሥራች ፍራንኮ ሞስኪኖ በ1980ዎቹ በራሱ በፋሽን ላይ የሚያሾፉ ቃላት በውድ ጃኬቶቹ ላይ ያስጠልፍ ነበር፤ ስኮትም በዚያው መንገድ ነው የሄደው፤ የባርቢው ትርኢት በቅንጦት ላይ የተሳለቀ ቅንጦት ነው ይላሉ። አይካድም፣ ትርኢቱ ያስቃል፣ ደስም ይላል፤ በነጻ ፎቶውን ያየ ሚሊዮን ሰው ከደስታው ተካፍሏል። ነገር ግን በቅንጦት የሚሳለቅ ልብስ መልበስ የሚችለው ቅንጦት የሚገዛው ሰው ብቻ ከሆነ፣ ስላቁ የሚስቅበትን ሰው ኪስ አይነካም፤ ያስጌጠዋል። ቀልዱን ሁሉም ይረዳዋል፣ አንዱ ይለብሰዋል። ማንም አልተገደደ፣ ትዝታችሁ አልተሰረቀ የሚለውን መከራከሪያ ደግሞ ብዙ አልቆይበትም። ትዝታ በርግጥ አይሰረቅም። በትዝታው ላይ በአደባባይ የመሥራት ነጻነት ግን ሊጠብ ይችላል፤ የፎርሳይት ጉዳይ ያሳየው ይህንኑ ነው። በ2003 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለእሱ ፈረደ፣ በ2004 ደግሞ ማቴል ከ1.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ የጠበቃና የክርክር ወጪ እንዲከፍል ተወሰነ። አሸነፈ፤ ግን ነጻ ጠበቃ ባያገኝ ኖሮ ከጥቂት ሺህ ዶላር ገቢ ላይ ይህን ያህል የሚያስወጣ ክርክር ማን ይገፋል?

ስለዚህ ሞስኪኖ ሹራቡን በፈለገው ዋጋ ይሽጥ፤ የሚገዛው ይግዛው፣ ይመርበትም። ሰብሳቢዎች ስለ ዋጋው መጨቃጨቁን ትተው፣ የአሻንጉሊቷን ፊት በራሳቸው ብሩሽ ለሚቀቡት፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው ቀሚስ ለሚሰፉላት፣ በፎቶና በዘፈን ለሚተቿት ሰዎች ሚላኖ ያገኘው ያህል ፈቃድ እንዲኖራቸው ቢሟገቱ ይሻላል። ከእነዚህ ሰዎች ጨዋታ ኩባንያውም ይጠቀማል፤ ማቴል ለዓመታት በፍርድ ቤት የታገለውን የአኳን ዘፈን በ2009 ግጥሙን ቀይሮ ለራሱ የባርቢ ማስታወቂያ ተጠቅሞበታል።