መስተዋት የሚመሰክረው

በ1932 እ.ኤ.አ. የተወለደው አሜሪካዊ ሠዓሊ ሪቻርድ ኤስቲስ የኒው ዮርክን ጎዳናና የሱቆቹን መስተዋት በመሣል ስሙን አስጠርቷል። ሥዕሉን ያየ ሁሉ «ይህስ ፎቶግራፍ ነው» ይላል፤ እርሱ ግን ብዙ ፎቶግራፎች አንሥቶ፥ ከየአንዱ የወደደውን መርጦ፥ በቀለም አንድ ጎዳና አደረገው። ዓይናችን የሱቁን ውስጥ ሲመለከት በመስተዋቱ ላይ ያረፈው የውጭው ነጸብራቅ ይደበዝዝበታል፤ በሥዕሉ ግን፥ እንደ ኅብር ቅኔ፥ ሁለቱም ባንድነት ጠርተው ይታያሉ። እንግዲህ ማንም እንዲህ ያላየውን እንደታየ አድርጎ ማቅረብ የሐሰት ምስክርነት ነውን?

እኔ ቀድሞ ነው ባይ ነበርሁ። ነገር ግን በ1976 በሣለው «ድርብ የራስ ሥዕል» ራሱን ከነፎቶግራፍ መሣሪያው በምግብ ቤት መስተዋት ውስጥ አቁሞታል። ሐሰተኛ ምስክር የቆመበትን ስፍራ ይሸሽጋል፤ ይህ ግን ገለጠው። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው፤ ጎዳናው ንጹሕ ነው፥ ሰውም ብዙ ጊዜ የለበትም። በዚያ ከተማ ደጅ ላይ የሚያድረው ድኻ በየትኛው መስተዋት እንደሚታይ ሥዕሉ አልነገረኝም።