የእጅ ባለሙያ ስደትና የዕዳ ጥያቄ

በሙያ ቪዛ የሚሰደድ የእጅ ባለሙያ ለሠለጠነበት ሀገር ዕዳ አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ በሥነ ምግባር ፍልስፍና ውስጥ መልሱ ያልተቋጨ ነው። ክርክሩ ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በሐኪሙና በኢንጂነሩ ላይ ነበር። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2013 ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ለበያጅ፣ ለቧንቧ ሠራተኛና ለመሰሎቻቸው ለብቻው የተዘጋጀ የፍልሰት መርሐ ግብር ጀመረች። ጀርመንም በማርች 2020 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ዲግሪ ለሌለው ሠልጣኝ ባለሙያ በሯን ከቀድሞው አስፍታ ከፈተች። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ወደ ወርክሾፑና ወደ ግንባታው ቦታ ወርዷል።

መንግሥታት በባለሙያ ላይ የባለቤትነት መብት አለን ማለት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። የቬኒስ ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ. በ1291 የመስታወት ምድጃዎችን ከከተማዋ አውጥታ ወደ ሙራኖ ደሴት አዛወረች። የተነገረው ምክንያት የእሳት አደጋ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ደሴቲቱ የጥበቡ ምስጢር የሚጠበቅባት ስፍራ ሆነች፤ መስታወት ሠሪውም ከሪፐብሊኩ ግዛት እንዳይወጣ ተከለከለ። እንግሊዝ በ1718 ያወጣችው ሕግ ደግሞ ውጭ ሄዶ የሚሠራ ባለሙያ ተመለስ የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሶት በስድስት ወር ውስጥ ካልተመለሰ ንብረቱ እንዲወረስና እንደ ባዕድ እንዲቆጠር ያዝዝ ነበር። በደርቢሸር የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ሙያውን የተማረው ሳሙኤል ስሌተር በ1789 ገበሬ መስሎ ወደ አሜሪካ ሲሳፈር ይህ ሕግ ገና አልተሻረም። ስሌተር የያዘው ንድፍም ሆነ መሣሪያ አልነበረም፤ የማሽኖቹን አሠራር ግን በቃሉ ያውቀው ነበር። በሮድ አይላንድ ግዛት በፓውተኬት ከተማ በውኃ ኃይል የሚሠራ መፍተያ ሲያቆም አሜሪካውያን የኢንዱስትሪያቸው አባት አሉት፤ የትውልድ አካባቢው ሰዎች ደግሞ ከሃዲ አሉት። እንግሊዝ ክልከላውን በ1824 አነሣች። ሙያው በሰው ጭንቅላትና ጣት ውስጥ እስካለ ድረስ፣ ሰውዬውን ሳያስሩ ሙያውን ማሰር እንደማይቻል አንድ መቶ ዓመት አሳይቷታል።

በኢትዮጵያ ታሪክ ይኸው ጥያቄ ከተቀባዩ ወገን ይታያል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለደብረ ታቦር ቅርብ በሆነችው ጋፋት አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን አስቀምጠው መድፍ አሠርተዋል፤ «ሴባስቶፖል» የዚያ ምድጃ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ደግሞ ሚስዮናዊውን ፍላድን ተጨማሪ ባለሙያዎች ይዞ እንዲመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ሚስቱና ልጆቹ በመያዣነት ቀሩ። የእጅ ሙያ ለሀገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የእሳቸውን ያህል የገባው ንጉሥ ማግኘት ያስቸግራል። ፍላጎታቸው ትክክል ነበር፤ ባለሙያን በመያዣ የማምጣቱና የማቆየቱ መንገድ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በመቅደላ ለደረሰው ነገር አንዱ ምክንያት ሆኗል።

የመውጣት መብት በሕግ ደረጃ ዛሬ አከራካሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 13 ማንም ሰው የራሱን ጨምሮ ከየትኛውም ሀገር የመውጣት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32ም ይህንኑ ያረጋግጣል። የሚቀረው የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ነው። መብት ያለው ሰው ዕዳም ሊኖርበት ይችላልና።

በዚህ ላይ የቀደመው ክርክር በፕላቶ «ክሪቶ» ውስጥ ይገኛል። ሶቅራጥስ ከእስር ቤት እንዳያመልጥ የአቴና ሕግጋት እንደ ሰው ቆመው ይሟገቱታል፤ ወላጆችህን ያጋባን፣ ያሳደግንህና ያስተማርንህ እኛ ነን ይሉታል። ዕዳ አለ የሚሉ ወገኖች ይህን አዘውትረው ያነሣሉ። ሕግጋቱ ግን እዚያው ሌላም ነገር ይናገራሉ፤ ከተማዋ ያልተስማማችው አቴናዊ ንብረቱን ይዞ ወደ ወደደበት መሄድ እንደሚችል ይገልጻሉ። ሶቅራጥስን የያዘው መውጣት እየቻለ ሰባ ዓመት መቀመጡ ነው። እንግዲህ ግዴታውን ግዴታ ያደረገው የበሩ ክፍት መሆን ነው ማለት ነው።

በዘመናችን ፈላስፎቹ ጂሊያን ብሮክና ማይክል ብሌክ እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ መጽሐፍ ግራና ቀኝ ሆነው ተከራክረዋል። ብሮክ ድሃ ሀገር በተወሰኑ ሁኔታዎች ከተማረው ዜጋዋ የተወሰነ አገልግሎት ወይም ግብር ብትጠይቅ ፍትሐዊ ነው ስትል፣ ብሌክ መንግሥት ሰውን ለሌሎች ጥቅም ሲል የማቆየት ሥልጣን የለውም ይላል። ከሥልጠናው በፊት በግልጽ ተነግሮ፣ በፈቃድ የተፈረመና ጊዜው የተወሰነ የአገልግሎት ውል ሲሆን የብሮክ ሐሳብ ይጸናል። ከመውጫው ደጃፍ ላይ ድንገት የሚመዘዝ የክፍያ ወረቀት ሲሆን ግን ይፈርሳል። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1972 ከሚሰደዱ ምሩቃን የትምህርት ወጪ እንዲከፈል ስታዝ፣ ብዙዎቹ ተጎጂዎች አይሁድ ነበሩ፤ ሒሳቡም ለመሰብሰብ ከመዋሉ ይልቅ ለማስቀረት ዋለ።

ስለ ሐኪም ሲወራ ማንም የማያነሣው፣ ስለ እጅ ባለሙያ ሲወራ ግን ሊታለፍ የማይገባው ሌላ ነጥብ አለ። ኅብረተሰቡ ባለሙያውን እንዴት ያዘው? በኢትዮጵያ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ለዘመናት እየተሰደቡ፣ «ቡዳ» እየተባሉ፣ ከጋብቻና ከርስት እየተገለሉ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ችግሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ስላዩ ነው። ዛሬም ቴክኒክና ሙያ የሚገባ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ያልሆነለት ተደርጎ ይታያል። ሥራውን እየፈለገ ሠሪውን የናቀ ኅብረተሰብ፣ ሠሪው የሚከበርበትን ቦታ ሲያገኝ ውለታ አለብህ ብሎ የሚጠይቅበት አፍ የለውም ባይባልም፣ ጥያቄው ግን ግማሽ ኃይሉን አጥቷል።

ቅዱሳት መጻሕፍት ነገሩን ከሁለቱም ጎን ያዩታል። በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ ስላልነበረ፣ ሰው ሁሉ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ እንደነበር ተጽፏል። ናቡከደነፆርም ኢየሩሳሌምን ሲማርክ ከጦረኞቹ ጋር ጠራቢዎቹንና ብረት ሠሪዎቹን ወስዷል፤ ባለሙያዋ የተወሰደባት ከተማ ዳግም እንደማትነሣ ያውቅ ነበርና። በሌላ ጎን አቂላና ጵርስቅላ ከሮም በቀላውዴዎስ ትእዛዝ ተባርረው ቆሮንቶስ ሲደርሱ ድንኳን መስፋታቸውን ቀጠሉ፤ ጳውሎስም ሙያው አንድ ስለነበር እነሱ ዘንድ ተቀምጦ ሠራ። በቁርኣን ደግሞ በሱረቱ አን-ኒሳእ በተገፉበት ምድር ለቀሩት መላእክት የሚያቀርቡት ጥያቄ የአላህ ምድር ሰፊ አልነበረችምን የሚል ነው።

ከሁሉ ጠልቆ የሚሄደው የባስልኤል ታሪክ ነው። ኦሪት ዘጸአት የደብተራ ኦሪትን ሥራ የመራው ይህ ባለሙያ ጥበቡን የተቀበለው ከእግዚአብሔር መንፈስ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ሙያው የንጉሥ ወይም የግምጃ ቤት ንብረት አይደለም። ምዕራፍ 35 ግን አንድ ነገር ይጨምራል፤ ለእርሱና አብሮት ለሚሠራው ለኤልያብ ከጥበቡ ጋር የማስተማር ልብም ተሰጥቷቸዋል። ስጦታው ከነማስተላለፉ ነው የመጣው።

የዕዳው ትክክለኛ መልክ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ፈላስፋው ማይክል ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሰው በቃል ሊገልጸው ከሚችለው በላይ ያውቃል። በያጁ የቅስቱን ርዝመት በድምፁ ይለያል፤ ይህን ከመማሪያ መጽሐፍ ያገኘ የለም። ኮሌጁ መሠረቱን ይሰጣል፣ የብቃት ምዘናው ወረቀቱን ይሰጣል፤ ቀሪው ዓመታት ፈጅቶ ከዋናው ሠራተኛ ወደ ረዳቱ የሚያልፈው በሥራ ቦታ ነው። ዋናው ሠራተኛ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጎዳው መንግሥት አይደለም፤ ገና መፍቻ ማቀበል ላይ ያለው ረዳት ነው። የዕዳው ባለቤትም እርሱ ነው። ወደ ቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ ክቡር ነገር ነው፤ የወላጅንና የወንድምን ውለታ ይመልሳል፤ የረዳቱን ግን አይነካውም። ከመሄድ በፊት ሰው አስተምሮ መተካት፣ ከሄዱም በኋላ ለእረፍት ሲመለሱ ወርክሾፕ ገብቶ አዲሱን አሠራር ማሳየት ወደ ትክክለኛው ባለቤት የሚደርስ ክፍያ ነው።

ሆኖም ከተሰዳጁ ይልቅ የሚበዛው ዕዳ በተቀባዩ ሀገር ላይ ነው። በጀርመን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥልጠና ሦስት ዓመት ተኩል ይወስዳል፤ ሠልጥኖ የመጣው ሰው ይህን ወጪ አስቀርቶላት ይገባል። ተቀባዩ ሀገር የሙያ ማስረጃው እንዲመዘን ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ በኤሌክትሪክ ሥራ ስሕተት ሰው ይገድላልና። ምዘናው ሲጓተትና ባለሙያው መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሣ ዓመታት ሲያልፉ ግን፣ የላከው ሀገር ያጣውን ሙያ ማንም አላገኘውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የቅጥር ደንብ ሀብታም ሀገሮች ለባለሙያ ምንጮቻቸው ድጋፍ እንዲያደርጉ ያሳስባል፤ የሚናገረው ግን ስለ ጤና ሠራተኛ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በማራኬሽ የጸደቀው የፍልሰት ስምምነት ደግሞ ተቀባይና ላኪ ሀገሮች በክህሎት ሥልጠና እንዲተባበሩ ይጠይቃል። የሐሳቡ ዋና ነገር ተቀባዩ ሥልጠናውን በላኪው ሀገር ላይ ራሱ እንዲከፍል፣ ከሠልጣኞቹም ከፊሉ እንዲሄድ ከፊሉ እንዲቀር ማድረግ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በፊጂ፣ በሳሞአ፣ በቫኑዋቱና በፓፑዋ ኒው ጊኒ ለሠልጣኞች የአውስትራሊያን የሙያ ማረጋገጫ የሚሰጥ ኮሌጅ ደግፋለች። ወደ አውስትራሊያ የተሻገሩት ተመራቂዎች ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ በአውስትራሊያ ገንዘብ የተማሩትን ሙያ ይዘው በደሴቶቻቸው ቀርተዋል።