«አርፈው ይቀመጡ» ማለት ፍቅር ነውን?



አረጋውያንን ማክበር ምንድን ነው ብንባል ሁላችንም ፈጥነን እንመልሳለን። ከመቀመጫ መነሳት፣ ሸክም መቀበል፣ ድካም ማቅለል ነው እንላለን። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር።

አንድ ቀን አያቴ ከደጃፋችን ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ወደቁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አጥንታቸው አልተሰበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ቤተ ሰቡ ሁሉ «አርፈው ይቀመጡ» ይላቸው ጀመር። ቡና ላፍላ ሲሉ ጀበናውን ከእጃቸው የወሰድኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ሲሉም ነጠላቸውን የደበቅኩ እኔ ነኝ። ሦስት ወር ሳይሞላ ከመደቡ ለመነሳት ግድግዳ የሚደገፉ ሆኑ። አንድ ማታ «ልጄ፣ እግሬን የወሰደብኝ መውደቁ አይደለም፤ መቀመጡ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የወደቀ ሰው ዳግመኛ እንዳይወድቅ ይፈራል፤ ስለ ፈራ አይንቀሳቀስም፤ ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ይሰንፋል፤ የሰነፈ እግር ደግሞ ይበልጥ ይወድቃል። እንግዲህ ፍርሃቱ የፈራውን ነገር ራሱ ያመጣዋል ማለት ነው።

ይህን ስል ፍርሃቱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ነገር ግን መድኃኒቱ መቀመጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመሩ ሊቃውንት፣ የሰውነት እንቅስቃሴ የአረጋውያንን መውደቅ በ23 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አረጋግጠዋል። ድርጅቱም በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን እንዲያደርጉ መክሯል። ይህም ከወንበር ደጋግሞ መነሳት፣ ጠንካራ ነገር ይዞ ተረከዝን ማንሳት፣ ሰው አጠገብ ሆኖ በአንድ እግር መቆምን የመሰለ ነው። የሚያዞረው ወይም ደጋግሞ የሚወድቅ ግን አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ።

ለመሆኑ ነጠላውን የደበቅኩት ለማን ብዬ ነው? ለአያቴ ይመስለኝ ነበር። ልቤን ስመረምረው ግን «እሱ እያለ ወደቁ» እንዳልባል ኖሯል። የራሴን ጭንቀት ለማስታገስ የእሳቸውን እግር አሰርኩ። ፍቅር መስሎ የሚታይ ራስን መውደድ እንዲህ ያለ ነው፤ ለሌላው እያሰበ ሳይጠይቀው ይወስንለታል።

ስለዚህ ነጠላውን መለስኩላቸው፤ ክንዴንም ጨመርኩበት። ደረጃው ላይ መያዣ እንጨት አቆምን፤ መብራቱንም አስተካከልን። ጀበናውም ወደ እጃቸው ተመለሰ። አሁን እሑድ እሑድ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በየመንገዱ እያረፍን አብረን እንሄዳለን። ይወድቁ ይሆን ብዬ ዛሬም እፈራለሁ፤ ነገር ግን ፍርሃቱን መሸከም ያለብኝ እኔ ነኝ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በየቤታችሁ የተቀመጡትን አረጋውያን ተመልከቱ። «አርፈው ይቀመጡ» ከማለታችን በፊት «ወዴት መሄድ ይፈልጋሉ?» ብለን እንጠይቃቸው፤ ከዚያም አብረናቸው እንነሳ።